«ደህና ነኝ» ስንል የምንደብቀው፦ ጡረታ ለወጣን ሰዎች የዕለት ተዕለት ጭንቀትን ማቅለያ መመሪያ

ጡረታ ከወጣሁ 7 ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት 34 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። አሁንም ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ደም ግፊት የሚለካው እኔ ቤት ነው።

አንዲት የ74 ዓመት ጎረቤቴ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ «ሲስተር፣ እስቲ ግፊቴን ለኪልኝ» እያሉ ይመጣሉ። አንድ ቀን 168 በ96 ሆነ። መድኃኒታቸውን አላቋረጡም። ጨውም አላበዙም። ውኃ ሰጥቻቸው አጠገባቸው ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ቆይተው «ያቺ ልጅ ከደወለች ዛሬ አራተኛ ቀኗ» አሉ። ልጃቸው የምትሠራው ቤይሩት ነው። ስለ እሷ ሃያ ደቂቃ ያህል አወሩኝ። እንደገና ስለካቸው 146 በ88 ሆኖ አገኘሁት። የሰጠኋቸው መድኃኒት የለም።

እኛ ዘንድ ጭንቀት በስሙ አይጠራም። «ራሴን ይወጋኛል» ይባላል። «ጨጓራዬ ተነሳብኝ»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «ትከሻዬን ያዘኝ» ይባላል። ሰው ሲጠይቀን ደግሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» እንላለን። ምስጋናው እውነት ነው። ግን ከምስጋናው ሥር የተቀመጠውን ነገር ሰውነታችን ብቻውን ይሸከመዋል።

ሰውነት ያልደወለች ልጅንና ደጅ የቆመ ጅብን ለይቶ አያውቅም። ለሁለቱም አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ቅመሞችን ይረጫል። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይጠብባል፣ ስኳር ከፍ ይላል። በወጣትነት ይህ ቶሎ ይረጋጋል። ዕድሜ ሲገፋ ወደ ቦታው ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ደም ግፊት ወይም ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ነገሩ ድርብ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን መንገድ ራሴ ሞክሬዋለሁ፤ ከጎረቤቶቼም ጋር ሠርቼበታለሁ። የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ ወር ነው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሁሉን ነገር በጭንቀት አያሳብቡ

ይህን ክፍል እባክዎ አይዝለሉት። በሥራ ዘመኔ «ትንሽ ተጨንቄ ነው» ተብሎ የዘገየ የልብ ሕመም አይቻለሁ።

ደረት ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ካለ ጉዳዩ የሆስፒታል ነው። በሴቶችና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የልብ ሕመም ያለ ደረት ሕመም ሊመጣ ይችላል። ማቅለሽለሽና እንግዳ የሆነ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ደቂቃም አይጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ትልቅ አድርገው ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት።

ጭንቀት የሚመስሉ ሌሎች ሕመሞችም አሉ። ዕንቅርት ወይም የታይሮይድ ችግር ልብን ያስደልቃል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል። ደም ማነስ ያደክማል፣ ያነጫንጫል። የስኳር መውረድ ያልባል፣ ያርበተብታል። አንድ አዛውንት በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ግራ ከተጋቡ ደግሞ «አረጁ» ብሎ መተው ትልቅ ስህተት ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ።

ግፊት ሲለኩም በሥርዓቱ ይሁን። ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጡ። 5 ደቂቃ ጸጥ ብለው ይቀመጡ። ጀርባዎ ይደገፍ፣ እግርዎ መሬት ይርገጥ፣ ክንድዎ በልብዎ ትክክል ይረፍ። እየተለኩ አያውሩ። አራት ፎቅ ደረጃ ወጥቶ እያለከለኩ መለካት ራሱ ሰውን ያስደነግጣል።

1ኛ ደረጃ፦ የ7 ቀን ደብተር

የ32 ገጽ ደብተር ይበቃል። በየቀኑ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ሰዓቱን፣ የሆነውን ነገር፣ ሰውነትዎ ያለውን። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም። እንዲህ ይሁን፦

ማክሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት። የመብራት ካርድ አለቀ፣ የሚሞላልኝ አጣሁ። ደረቴ ጠበበ።
ሐሙስ፣ ማታ 2 ሰዓት። ዜና ሰማሁ። ትከሻዬ ደነደነ።
ዓርብ፣ ሌሊት 9 ሰዓት። ነቃሁ፣ ስለ ቤት ኪራይ አሰብኩ። ሆዴ ተንቦጫረቀ።

መጻፍ ለማይችሉ ወይም ዓይናቸው ለደከመ የልጅ ልጅ ይጻፍላቸው። ስልክ ላይ ድምፅ መቅዳትም ይቻላል።

ደብተሩ የሚጠቅመው ለምንድን ነው? እኛ የሚያስጨንቀን ነገር የምናውቅ ይመስለናል። እኔ የጤፍ ዋጋ ነው እል ነበር። ከሳምንት በኋላ ደብተሬን ሳየው ጤፍ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። አራት ጊዜ የተጻፈው ከመኝታ በፊት ስልኬ ላይ የማያቸው የዜና ቪዲዮዎች ነበሩ። ሌሊት የምነቃባቸው ቀኖችም እነዚያው ናቸው። በእውነት ደነገጥኩ። የጤፍን ዋጋ እኔ አላወርደውም። ስልኩን ግን ማስቀመጥ እችላለሁ።

የጎረቤቶቼንም አይቻለሁ። ውኃ የሚጠፋበት ቀን አለ። ደረጃው አለ። የባንክ መተግበሪያ የሚስጥር ቁጥር ጠፍቶ ልጅን መለመን አለ። ትንንሽ ናቸው ብለን ስለምንንቃቸው ለማንም አንናገራቸውም። በቀን አምስቱ ሲደራረቡ ግን ማታ ግፊቱን ከፍ አድርገውት ይጠብቁናል።

በዚህ ሳምንት ምንም ለማስተካከል አይሞክሩ። ይጻፉ ብቻ።

2ኛ ደረጃ፦ ትንፋሽን ማለማመድ

ልብን «ቀስ በል» ብለን ማዘዝ አንችልም። ትንፋሽን ግን ማዘዝ እንችላለን፣ ልብም ትንፋሽን ይከተላል። በተለይ ወደ ውጭ የምናስወጣው ትንፋሽ ሲረዝም ሰውነትን የሚያረጋጋው ነርቭ ሥራውን ይጀምራል።

ወንበር ላይ ደገፍ ብለው ይቀመጡ። አንድ እጅዎን ሆድዎ ላይ ያድርጉ። በአፍንጫዎ እስከ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ። ሆድዎ እጅዎን ሲገፋው ይሰማዎት። ከዚያ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስወጡ። 5 ደቂቃ ይቀጥሉ። 4 ከከበደዎት በ3 ይጀምሩ። ካዞረዎት ያቁሙና እንደ ወትሮው ይተንፍሱ። አስም ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ራሱን አያስገድድ።

ቁጥር የማይመቻቸው አሉ። ለእነሱ ጸሎት ከቁጥር ይሻላል። ሲያስገቡ «አቤቱ»፣ ሲያስወጡ ረዘም አድርገው «ማረኝ»። የሙስሊም ጎረቤቴ «ሱብሐነላህ» እያሉ በሙስበሐቸው ያደርጉታል። መቁጠሪያ ያላችሁም እንዲሁ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያለ ሐኪም ያውቁት ነበር።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ብዙ ሰው ትንፋሹን የሚሞክረው ሲጨንቀው ብቻ ነው፤ ከዚያ «ለእኔ አልሠራም» ይላል። በጭንቅ ሰዓት አዲስ ነገር አይለመድም። ጠዋትና ማታ ልብዎ ደህና በሆነበት ሰዓት ለሁለት ሳምንት ይለማመዱት። ከዚያ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ሆነውም ማንም ሳያውቅብዎ ያደርጉታል።

ትከሻና መንጋጋው ለሚደነድንበት ሰው ሌላ መላ አለ። ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የጀመረው ነው። ጡንቻን ሆን ብሎ መጨምደድና መልቀቅ። ጡጫዎን ለ5 ሰከንድ ጨብጡት፣ ከዚያ ድንገት ለቀቅ አድርገው 15 ሰከንድ ይረፉ። ትከሻዎን ወደ ጆሮዎ ከፍ አድርገው ይልቀቁ። ከዚያ የእግር ጣቶች። ቁርጥማት ያለበትን መገጣጠሚያ ይዝለሉት።

3ኛ ደረጃ፦ ደብተሩን በሦስት መክፈል

ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩን ከፍተው ከእያንዳንዱ ነገር አጠገብ አንድ ምልክት ያድርጉ። «እኔ»፣ «ሰው» ወይም «አምላክ» ብለው።

«እኔ» ያሉት በራስዎ እጅ የሚስተካከል ነው። የመብራት ካርድ ገና ሳያልቅ መሙላት። መድኃኒት ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ማስገዛት። ውኃ የሚመጣበትን ቀን ጽፎ ፍሪጅ ላይ መለጠፍ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን ብቻ ይምረጡና በዚህ ሳምንት ይጨርሷቸው። አሥሩን አንድ ላይ የጀመረ ሰው ሌላ ጭንቀት ይጨምራል።

«ሰው» ያሉት እገዛ የሚፈልገው ነው። እዚህ ላይ ነው የምንቸገረው። «ልጆቼን አላስቸግርም» የሚለው ቃል ስንቱን ሰው ብቻውን አድርጎታል! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ግን ሲጠይቁ ቁርጥ ያለ ነገር ይጠይቁ። «ኧረ ተቸገርኩ» ሲባል የሚሰማ ሰው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። «ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት መጥተሽ የባንኩን ነገር አሳይኝ» ሲባል ግን ይመጣል።

«አምላክ» ያሉት ከእጃችን የወጣው ነው። የአገር ነገር፣ የልጅ ትዳር፣ የገበያው ዋጋ፣ የሞተ ሰው ናፍቆት። እነዚህን «አታስብ» ማለት ዋጋ የለውም። ሐሳብ በትእዛዝ አይሄድም። ይልቅ ሰዓት ይስጡት። በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ለ20 ደቂቃ፣ በአንድ የተወሰነ ወንበር ላይ። በሌላ ሰዓት ሐሳቡ ሲመጣ ደብተሩ ላይ አንድ ቃል ጽፈው «10 ሰዓት ላይ» ይበሉት። ሰዓቱ ሲደርስ ተቀምጠው እንደ ልብዎ ያስቡ፣ ያልቅሱም። 20 ደቂቃው ሲያልቅ ተነሥተው ሥራ ይያዙ። በመኝታ ክፍልና በመኝታ ሰዓት አካባቢ ግን አይሁን። መጀመሪያ ስሰማው የማይሆን መስሎኝ ነበር። ባለቤቴን ካጣሁ በኋላ ግን የረዳኝ ይህ ነው።

4ኛ ደረጃ፦ ሌሊቱ

ከሁሉም የሚከብደው የሌሊቱ ነው። 9 ሰዓት ላይ ይነቃሉ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ቀን ትንሽ የነበረው ነገር ተራራ ያህላል። እያብሰለሰሉ ይነጋል።

መጀመሪያ እንቅልፍ በዕድሜ እንደሚለወጥ ይወቁ። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የሚመከረው 7 እስከ 8 ሰዓት ነው። ግን እንቅልፉ እንደ ወጣትነት ጊዜ የጠለቀ አይደለም። ሌሊት አንድ ጊዜ መንቃት በሽታ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጎዳን ከመንቃቱ ይልቅ «ዛሬም ነቃሁ፣ ነገ ልወድቅ ነው» የሚለው ፍርሃት ነው።

ቡናን በተመለከተ ከሰው ጋር ተከራክሬአለሁ። የጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ከዚያም ይረዝማል። 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና እኩሌታው ማታ 4 ሰዓት ላይ ገና ደም ውስጥ አለ ማለት ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት አይለፍ። የቡናውን ሥርዓት ግን አይተዉት! ጎረቤት የሚሰበሰበው፣ ወሬ የሚወጣው፣ ሆድ የሚቀለው እዚያ ነው። ቡናውን ወደ ጠዋት ያዙሩት። ከሰዓት በኋላ ከተጠሩ ይሂዱ፣ ይቀመጡ፣ ጤና አዳም ወይም የጠጅ ሳር ሻይ ይጠይቁ።

አረቄም እንቅልፍ ያመጣል ይባላል። ያስተኛል፣ ግን ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ያነቃል። ከግፊትና ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር ደግሞ አደገኛ ነው።

ነቅተው 20 ደቂቃ ያህል ካለፈ አልጋ ላይ አይገላበጡ። ይነሡ። ግን በአንዴ አይደለም። አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ደቂቃ ይቀመጡ፣ መብራት ያብሩ፣ ከዚያ ይቁሙ። በሌሊት ተነሥቶ ወድቆ ዳሌ መሰበር ከእንቅልፍ ማጣት የባሰ ነው። ደብዘዝ ባለ ብርሃን ተቀምጠው ትንፋሹን ያድርጉ ወይም መዝሙረ ዳዊት ይድገሙ። ስልክ አይክፈቱ። እንቅልፉ ሲመጣ ይመለሱ። ጠዋት ደግሞ ሌሊቱ ምንም ይሁን ምን በተለመደው ሰዓት ይነሡ። ለሽንት በተደጋጋሚ የሚነሡ ከሆነ የግፊት መድኃኒትዎ ሽንት የሚያመጣ ዓይነት መሆኑን ሐኪምዎን ይጠይቁ። ሰዓቱን ወደ ጠዋት ማዞር ይቻል ይሆናል።

አንድ ልመና አለኝ። የጎረቤትን የእንቅልፍ ክኒን አይዋጡ። ዲያዜፓምና መሰሎቹ በእኛ ዕድሜ ይጥላሉ፣ ያደነዝዛሉ፣ ሱስ ይሆናሉ። ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ የቆዩ ደግሞ በአንዴ አያቋርጡ። ሐኪም ቀስ በቀስ ነው የሚያስቆመው።

5ኛ ደረጃ፦ እግርን ማንቀሳቀስ

የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ላለን ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛን መጠበቂያ። 150 ደቂቃ ብዙ ይመስላል፤ ለአምስት ቀን ሲከፈል 30 ደቂቃ ነው፣ እሱም ሦስት ጊዜ በ10 በ10 ደቂቃ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ፀሐይ ወጣ ስትል ይሂዱ። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ ልኩ ነው። ለሚዛን፣ ማድ ቤት ጠረጴዛውን ይዘው በአንድ እግር 10 ሰከንድ ይቁሙ። በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል፤ ኮሪደር ላይ መመላለስ ይበቃል።

6ኛ ደረጃ፦ ሰው

በመንግሥት ሥራ 60 ዓመት ሲሞላን ደመወዙ ብቻ አይደለም የሚቀረው። ጠዋት የሚጠብቀን ሰውም ይቀራል። ስለዚህ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን የሚጠበቁበት ቦታ ይኑርዎት። ዕድር፣ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ የጎረቤት ልጆችን ማስጠናት። ዋናው ነገር ሲቀሩ «የት ቀረች?» የሚል ሰው መኖሩ ነው።

ልጆች ውጭ ላሉን ሰዎች ደግሞ ስልኩ ትልቁ ነገር ነው። የጎረቤቴን ግፊት ከፍ ያደረገው የልጅቷ ዝምታ ነበር። መደወያ ቀን ስለሌላቸው እናትየው ሰባቱንም ቀን ሲጠብቁ ይከርማሉ። ልጅቷን አነጋገርኳት። እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ተባለ። በመሐል ዝም ካለች ሥራ በዝቶባት ነው። የባሰ ነገር ከመጣ ደግሞ ለእኔ ትደውላለች። ዋሽንግተን ልጅ ያላችሁ የሰዓቱን ልዩነት አትርሱ። በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። እዚህ ማታ ሲሆን እዚያ ሰው ሥራ ላይ ነው።

ይህን የምታነቡ ልጆችም ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። «እማዬ እንዴት ነሽ?» ስትሏት «ደህና» ትላለች፣ አለቀ። ይልቅ «ትናንት ሌሊት እንቅልፍ ወሰደሽ?»፣ «ምሳ ምን በላሽ? ከማን ጋር?»፣ «በዚህ ሳምንት ማን መጣ?» በሏት። መልሱ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ። ብር መላክ ደግ ነው። ሃያ ደቂቃ ማውራትም ቦታውን የሚተካለት የለም። መጥፎ ዜና ደግሞ አትደብቁ። እኛ ከድምፃችሁ እንለየዋለን፤ ያልነገራችሁንን ደግሞ እያብሰለሰልን ሌሊቱን እናድርበታለን።

ገንዘብ የሚጠይቅ ዘመድም በብዙዎቻችን ደብተር ውስጥ አለ። «የለኝም» ማለት ያሳፍራል፣ ሰጥቶ መቸገርም ያብሰለስላል። እኔ በወሩ መጀመሪያ ለሰው የምሰጠውን ትንሽ ገንዘብ ለይቼ አስቀምጣለሁ። እሱ ሲያልቅ «የዚህ ወር አልቋል» እላለሁ። እውነት ስለሆነ አፌ አይያዝም።

ሐኪም ቤት የሚያስኬደው

ሐዘኑ ወይም ፍርሃቱ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቆየ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ካልጣመ ይህ የእርጅና ጸባይ አይደለም። ድባቴ ይባላል፤ ይታከማል። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአንድ አዛውንት አፍ ከወጣ «ኧረ እንዲህ አይበሉ» ብለው አይለፉት። አጠገባቸው ይቀመጡ፣ በግልጽ ይጠይቋቸው፣ ብቻቸውን አይተዉአቸው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።

ብዙ ሰው አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል ይደነግጣል። የአእምሮ ሕክምና አገልግሎቱ በሌሎች ሆስፒታሎችም ይገኛል፤ መጀመሪያ በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ መጠየቅ ይቻላል። ጠበል የሚሄዱም ይሂዱ፤ መድኃኒታቸውን ግን ይዘው። ጾም ሲገባ የስኳርና የግፊት መድኃኒት ሰዓት ይዛባልና ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር ቀድመው ይነጋገሩ። ሙስሊሞችም ከረመዳን በፊት እንዲሁ።

ሲሄዱ ደብተሩን ይያዙ። ሐኪሙ ያለው ጊዜ አጭር ነው። «አንዳንዴ ያመኛል» ከማለት ሰዓቱንና ቀኑን ማሳየት ብዙ ነገር ያፋጥናል።

በአራተኛው ሳምንት

ደብተሩን እንደገና ለ7 ቀን ይጻፉ። ከዚያ የመጀመሪያውንና የአሁኑን ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ። የቀነሰው የቱ ነው? ያልተነካው የቱ ነው? ያልተነካውን ለሚቀጥለው ወር ይያዙት።

የጎረቤቴን ደብተር የምትጽፍላቸው የ11 ዓመት የልጅ ልጃቸው ናት። ደረጃው አሁንም በየቀኑ አለበት። በሱ ላይ እየሠራን ነው፤ በየፎቁ አንድ ዱካ ለማስቀመጥ ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረናል። ባለፈው እሁድ ገጽ ላይ ግን ልጅቷ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ጽፋለች፦ «9 ሰዓት። ደወለች። አያቴ ሳቀች።»